ቤቱን ማታ እዩት፦ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ጸጥ ያለ ቤት ስትከራዩ

ደብረ ብርሃን ላይ የመጀመሪያ ቤቴን የተከራየሁት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ፀሐይ ወጥታለች፣ ግቢው ተጠርጓል፣ አከራይዋ ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። «ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው ልጄ፣ ትማርበታለህ» አሉኝ። አልዋሹም። እሑድ ስለነበረ ከአጥሩ ጀርባ ያለው ብየዳ ቤት ተዘግቶ ነበር። ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብረት መቁረጫው መጮህ ጀመረ፤ ስድስት ወር ሙሉ ከእሱ ጋር ኖርኩ። የሁለት ወር ኪራይ ቀድሜ ከፍዬ ነበርና ወዲያው ልውጣ ብልም አቅሙ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ቤት ቀይሬያለሁ፤ ለሥራ ባልደረቦቼና ለተማሪዎች ያፈላለግሁትም ጥቂት አይደለም። የምጽፈው የአማራ ክልሉን ሰሜን ሸዋ፣ ደብረ ብርሃንን በልቤ ይዤ ነው። ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ወዳለው ሰሜን ሸዋ፣ ፍቼ ሄዶ ሰላሌ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ቤት የሚፈልግ ሰውም ብርዱና ግቢው ተመሳሳይ ስለሆነ አብዛኛው ይጠቅመዋል።

መቼ ትፈልጋላችሁ

የመደበኛ ተማሪ ዶርም ስላለው ከእናንተ ጋር ቤት የሚሻማው መምህሩ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪው፣ የማታና የቅዳሜ እሑድ ተማሪው፣ እንዲሁም በአስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስና በሆስፒታሎቹ የሚሠራው ባለሙያ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚመጣው ትምህርት ሲከፈት ነው። በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት የሚፈልግ ሰው ሁለት ቤት አይቶ ሦስተኛውን ሳያይ ይፈርማል፤ ደላላውም «ሌላ ሰው ቀጥሯል» እያለ ያጣድፈዋል፣ ደግሞም እውነቱን ሊሆን ይችላል። ከተቻላችሁ ሴሚስተሩ ተጋምሶ ሰው ሲለቅ ፈልጉ።

ሌላው ጥሩ ጊዜ ነሐሴ ነው። ጭቃ ስላለ ማንም ሊዞር አይወድም፤ የቤቱን ገመና የሚያወጣው ግን ያው ዝናብ ነው። ኮርኒሱ ላይ ያለው ቡናማ ክብ በጥር ሲታይ ያረጀ ቀለም ይመስላል። በነሐሴ እጃችሁን ብታስነኩት ይረጥባል።

ሰፈር መምረጥ

ከዋናው አስፋልት ራቁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ ከተማዋን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ተሳቢና ሲኖትራክ ሌሊትም አያርፍም። ከመንገዱ ሁለት ሦስት መቶ ሜትር ገባ ያለ ቤት፣ በመካከል ሌሎች ቤቶች ካሉለት፣ ድምፁ በእጅጉ ይቀንስለታል። ብዙ ርቃችሁ ከገባችሁ ደግሞ ኮብልስቶኑ ያልቅና ክረምት ላይ ጫማችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ባጃጅ ምሽት ላይ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚገባ የሰፈሩን ልጆች ጠይቁ። ደላላውን ስትጠይቁት ሁልጊዜ «እስከ ፈለጋችሁበት» ነው።

ወፍጮ ቤት፣ ጣውላ ቤት፣ ብየዳ ቤት፣ ጋራዥ፣ ግሮሰሪና አረቄ ቤት የት የት እንዳሉ በእግራችሁ ዙሩና እዩ። ወፍጮ ቀን ቀን ነው፤ ቀን ቢሮ የምትውሉ ከሆነ ምንም አይደለም። አረቄ ቤት ግን የሚነቃው እናንተ ስትተኙ ነው። ስለ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ማጉያ አልከራከርም። የሥላሴ ንግሥ ጥር 7 እና ሐምሌ 7 መሆኑን እያወቀ ደብሩ ጎን ተከራይቶ በኋላ «አላስተኛ አለኝ» የሚል ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባም ቅዳሴው ከሰዓት መሆኑን አስቡ፤ የሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ ነርሶች በተለይ።

ቤት እንዴት ይገኛል

ደላላ አለ፣ ቴሌግራም አለ፣ የመብራት ምሰሶ ላይ የተለጠፈ «የሚከራይ ቤት» አለ። እኔ የማምነው የሰፈሩን ባለሱቅ ነው። ማን ሊለቅ እንዳሰበ፣ የትኛው ግቢ ጠብ እንደማይጠፋው፣ የማን ውሃ እንደሚቋረጥ የሚያውቀው እሱ ነው። ሻይ ቅጠልና ሳሙና ገዝታችሁ ቀስ ብላችሁ ጠይቁት። «እዚያማ ተከራይ አይበረክትም» ብሎ ከመለሰላችሁ ምክንያቱን ባይነግራችሁም በቂ ነው።

ከደላላ ጋር ከሆነ የሚከፈለውን ከመዞራችሁ በፊት ቁርጥ አድርጉ፤ የሚከፈለውም ቁልፍ እጃችሁ ሲገባ ነው። «ለማሳያ» ተብሎ የሚጠየቅ ገንዘብ አትስጡ። ቤቱን ሳታዩ በስልክ ቀብድ ላኩ የሚላችሁን ዝጉት።

ሁለት ጊዜ እዩት፣ አንዱ ማታ ይሁን

አንድ ጊዜ በሥራ ቀን ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አርብ ወይም ቅዳሜ ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሂዱ። የማታው ጉብኝት ለአከራዩ ትንሽ ይከብዳል፤ «ከሥራ የምወጣው ሲመሽ ነው» ማለት ይበቃል። ስትደርሱ ወዲያው ወሬ አትጀምሩ። ደጃፉ ላይ ቆም ብላችሁ አምስት ደቂቃ አዳምጡ። የጎረቤት ቴሌቪዥን ግድግዳውን አልፎ ይሰማል? ውሻው ለሚያልፍ ሰው ሁሉ ይጮኻል? የግቢው በር የቆርቆሮ ከሆነ ሰው በገባና በወጣ ቁጥር ይንቋቋል፤ ክፍላችሁ ከበሩ አጠገብ ከሆነ የግቢውን ሰው ሁሉ ሰዓት በቃላችሁ ትይዛላችሁ።

ከጸጥታው ቀጥሎ ብርዱ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እዚህ ከተማ ከብርዱ ቀጥሎ ጸጥታው ነው ማለት ይሻላል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ብሎ አንድ ብርድ ልብስ ይዞ ይመጣና በሦስተኛው ቀን ገበያ ወጥቶ የመንዝ ባና ሲጠይቅ ይገኛል። ባና ከባድ ነው፣ ሰውነት ይቆረቁራል፣ ግን የሚያህለው የለም።

ስለዚህ ክፍሉን ስታዩ በዚህ ዓይን እዩት፦

በመኸርና በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በሩ ወይም መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ደቡብ የሚያይ ክፍል የጠዋት ፀሐይ ያገኛል፤ ወደ ሰሜን ብቻ የሚያይ ሰርቪስ ግን በታኅሣሥ ማቀዝቀዣ ነው። የአቅጣጫ ነገር ካምታታችሁ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሂዱና ፀሐይዋ የት እንዳረፈች እዩ።

ኮርኒስ የሌለው ቤት አትከራዩ። ቆርቆሮ ቀጥታ ከላያችሁ ከሆነ ሌሊት ይቀዘቅዝና እስትንፋሳችሁ ጠል ሆኖ ጠዋት ፊታችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ዝናብ ሲመታውም በስልክ ማውራት አይቻልም፣ ማጥናትማ ይቅር።

የጭቃ ቤት ስለሆነ ብቻ አትናቁት። በደንብ የተለሰነ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ከስስ ብሎኬት የበለጠ ሙቀት ይይዛል፣ ድምፅም ይውጣል። እኔ አሁን የምኖረው ጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ማየት ያለባችሁ የግድግዳውን እግር ነው፤ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ከተላጠና ነጭ ዱቄት ካበቀለ እርጥበት ከታች እየወጣ ነው። አልጋ በዚያ በኩል ከተደገፈ ፍራሹ በአንድ ክረምት ይሻግታል።

ወለሉ ሊሾ ወይስ ሴራሚክ የሚለው ምንጣፍ እስካለ ድረስ ብዙ ለውጥ የለውም። በበሩ ሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ ግን ከመግባታችሁ በፊት አከራዩ እንዲያስደፍኑ ጠይቁ።

መብራትና ውሃ

አብዛኛው ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ውሰዱበት። ከተማዋ በስሟ ብርሃን ብትሆንም መብራት ሲጠፋ ግን እንደማንኛውም ከተማ ትጨልማለች፤ እሱን አከራዩ ሊያስተካክሉት አይችሉም። የምትነጋገሩት ስለ ቆጣሪው ነው።

ጥያቄው አንድ ነው፦ ለእኔ ክፍል ብቻ ቆጣሪ አለ ወይ? ካለ ንባቡን ፎቶ አንሱ። ከሌለና ሂሳቡ በግቢው ሰው የሚካፈል ከሆነ ክፍፍሉ በሰው ቁጥር ነው ወይስ በክፍል ብላችሁ ጠይቁ። ብቻውን የሚኖር ሰው በክፍል ሲካፈል አምስት ልጅ ካለው ቤተሰብ እኩል ይከፍላል። ደግሞ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ፍጆታው ባደገ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። አራት አባወራ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ድምሩ ላይኛው እርከን ውስጥ ስለሚገባ እያንዳንዱ ለብቻው ቆጣሪ ቢኖረው ከሚከፍለው በላይ ይከፍላል። አከራዩ ሰርቀው አይደለም፣ ስሌቱ እንደዚያ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛ ቤቴ ላይ አከራዬ እትዬ በየወሩ መጨረሻ የልጃቸውን ደብተር ይዘው ይመጡ ነበር። ለየክፍሉ ትንሽ ቆጣሪ አስገጥመዋል፤ ያለፈውን ንባብ ከአሁኑ ይቀንሳሉ፣ በነጠላ ዋጋ ያባዛሉ፣ እኔን ደግመህ አስላው ይሉኛል። አንድ ጊዜ 60 ብር በልጦብኝ ሳሳያቸው «አየህ፣ ዓይኔ ነው» ብለው አጠፉትና በላዩ ጻፉት። እንዲህ ያለ ግቢ ካገኛችሁ ኪራዩ ትንሽ ቢወደድም ያዙት።

አከራዮች ማሞቂያ የሚከለክሉት ያለ ምክንያት አይደለም። 2,000 ዋት ማሞቂያ በየሌሊቱ ለአራት ሰዓት ቢበራ በወር 240 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ ግን በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚጣደው። ችግሩ መስመሩ ነው፦ ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲጣድ ብሬከሩ ይወርዳል ወይም ቀጭኑ ሽቦ ይግላል። ቤቱን ስታዩ የሶኬቱን ዳርቻ ተመልከቱ። ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ካያችሁት ከአሁን በፊት የተቃጠለ ነገር አለ። የግቢው ምጣድ ተራ በየትኛው ቀን እንደሆነም ጠይቁ፤ ለእናንተ የማይመች ቀን ከደረሳችሁ እንጀራ ከጎረቤት መግዛት ይቀላል። (ወጥ ላይ ደግሞ ትዕግሥት ያዙ። በዚህ ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ባቄላና ሽምብራ አዲስ አበባ ከሚፈጀው በላይ ይፈጃል።)

ውሃ በፈረቃ ይመጣል። ሮቶ አለ? ሮቶው ለተከራይም ነው ወይስ ለዋናው ቤት ብቻ? ቧንቧው ግቢ ውስጥ ነው ወይስ ከጎረቤት ይቀዳል? ሽንት ቤቱን ለስንት ቤተሰብ እንደሆነና የማጽዳት ተራ እንዳለው ጠይቁ፤ ገብታችሁም እዩት። አፍራችሁ ሳታዩ አትለፉ።

ከሰል

ይህን ርዕስ ለብቻው ያወጣሁት በራሴ ስለደረሰ ነው። በመጀመሪያው ኅዳሬ ቡና ያፈላሁበትን ምድጃ «ጢሱ ካለቀ ምን ያደርጋል» ብዬ ወደ ክፍሌ አስገባሁትና በሩን ዘጋሁ። ሌሊት ለሽንት ልነሳ ስል እግሬ አልታዘዝ አለ፤ ጭንቅላቴ በመዶሻ የሚመታ ይመስላል። በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም። ደጃፍ ላይ ወድቄ ያገኘችኝ ለጸሎት ማልዳ የተነሳች ጎረቤቴ ናት።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ጢስ ከሌለውም ፍሙ ውስጥ አለ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ወዲያው በር ከፍታችሁ ውጡ፤ ራሱን የሳተ ሰው ካለ ወደ ውጭ አውጥታችሁ ሆስፒታል አድርሱት። ሎሚ ማሽተት አያድንም። ለመከላከያው መንገዱ አንድ ነው፦ ምድጃ ደጅ ይነዳል፣ ደጅ ያድራል። ቤት ስታዩ ማብሰያ ቦታው ከመኝታው የተለየ መሆኑን፣ ወይም ቢያንስ ደጃፉ ላይ ጥላ ያለበት በረንዳ መኖሩን የምታዩት ለዚህ ነው። ለሙቀት ባና፣ ወፍራም ካልሲ፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ ላስቲክ ጠርሙስ እግር ሥር።

ውል

ወረቀት ሳይኖር አትግቡ፤ አከራዩ የአጎታችሁ ወዳጅ ቢሆኑም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ክፍያውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲሆን ያዛል። አዋጁ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ነው፤ የምዝገባውን ነገር ከተማ አስተዳደሩን ጠይቁ። የትም ብትሆኑ ግን እነዚህን ነጥቦች ተስማምታችሁ ውላችሁ ውስጥ ማስገባት የሚከለክላችሁ የለም። ኪራዩ 4,000 ብር ከሆነ ቀድማችሁ የምትሰጡት ቢበዛ 8,000 ነው ማለት ነው፤ የስድስት ወር የሚጠይቁ አከራይ ካጋጠሟችሁ ይህን በትሕትና ንገሯቸው።

አንድ የተለመደ ነገር አለ፦ ግብር እንዳይበዛ «ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፈው» ይባላል። አትስማሙ። ነገ ጠብ ቢነሳ መከራከሪያችሁ የተጻፈው ብቻ ነው። በቴሌብር ወይም በባንክ ስትልኩም ምክንያቱ ላይ «የጥር ወር ኪራይ» ብላችሁ ጻፉ።

ውሉ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳቸው እነዚህ ናቸው፦ የመብራትና የውሃ አከፋፈል፣ ቀለምና ጥገና በማን እንደሆነ፣ ለመልቀቅ ስንት ጊዜ ቀድሞ መናገር እንደሚያስፈልግ፣ ደባል ማስገባት ይቻል እንደሆነ። የአከራዩን መታወቂያና የቤቱን ካርታ ወይም የቀበሌ ማስረጃ ተመልከቱ። አከራይ ነኝ የሚለው ሰው ራሱ ተከራይ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ፤ ወንድም ነኝ፣ ልጅ ነኝ ካለ ውክልናውን ያሳይ። ሁለት ምስክር አስፈርሙ፣ አንዱ በእናንተ በኩል ይሁን።

ግቢ ውስጥ መኖር

«ላጤ አናከራይም» የሚባል ነገር ታገኛላችሁ። እዚያ ላይ ክርክር አይጠቅምም። የሥራ መታወቂያ ማሳየት፣ ወይም የሚያውቋቸውን ሰው ይዞ መሄድ ብዙ ጊዜ በር ይከፍታል። የውጭ በር በስንት ሰዓት እንደሚዘጋና እንግዳ ማደር ይችል እንደሆነ ግን ከመፈረም በፊት በግልጽ ጠይቁ፤ ሴት ተከራዮች ላይ የሚጣለው ሰዓት ከወንዶቹ ይጠብቃል፣ ተገቢ ነው ባልልም ያለ ነገር ነው። ቁልፍ ለራሳችሁ እንዲሰጣችሁ አስደርጉ።

ጸጥታውን እናንተም ታመጡታላችሁ። ሌሊት ስልክ ደጅ ወጥታችሁ አታውሩ፤ ግቢ ውስጥ ሹክሹክታም ይሰማል። በጾም ሰሞን የግቢው ሰው የሚጾም ከሆነ ሥጋ ስትጠብሱ መስኮቱን ዝጉ። እትዬ ለቡና ሲጠሩ ቢያንስ አቦሉን ጠጡ። ቡና ላይ ያልተነገረ ቅሬታ በኋላ በደላላ በኩል ይመጣል። በዓል ላይ አንድ ኪሎ ቡና ወይም ስኳር ይዞ «እንኳን አደረሳችሁ» ማለትም ያምራል።

ስትለቁ ደግሞ በውሉ መሠረት ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ክፍሉን ጠርጉ፣ የቆጣሪውን የመጨረሻ ንባብ ከአከራዩ ጋር ቆማችሁ ፎቶ አንሱ። እትዬ የመጨረሻውን ቀን ደብተራቸውን አምጥተው ቀነሱ፣ አባዙ፤ የቀረብኝ 112 ብር ነበር። 200 ስሰጣቸው መልሱን ከመቀነታቸው ፈትተው ቆጠሩልኝ፣ ከዚያ የሚቀጥለውን ተከራይ ስም በአዲስ ገጽ ላይ ጻፉና ንባቡን ከሥሩ አሰፈሩ።